ተዳፋቱ እጥፍ ሆነ፤ ፎልት ነው ብዬ ሪፖርት ልጻፍ?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ በውኃ ጉድጓድ ሥራ የተሰማራሁ ጀማሪ ሃይድሮጂኦሎጂስት ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ውኃ ቢሆንም መልሱ ያለው በነዳጅ ጉድጓድ ሙከራ ሰዎች ዘንድ ይመስለኛልና ሁለቱንም ወገን እጠራለሁ።

ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባዛልት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ለ48 ሰዓት ያልተቋረጠ የፓምፕ ሙከራ አደረግን። በሰከንድ 8 ሊትር እየሳብን የውኃውን ወለል ዝቅታ በዋናው ጉድጓድና ከእሱ 15 ሜትር ርቆ በሚገኝ የመከታተያ ጉድጓድ ለካን። ጊዜውን በሎጋሪዝም፣ ዝቅታውን በተራ ሚዛን አድርጌ ስስለው መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ፤ ጊዜው አሥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ዝቅታው በ1.2 ሜትር ይጨምራል። ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ መስመሩ ቀስ እያለ መጉበጥ ጀመረ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እንደገና ቀጥ አለ። አሁን ግን በእያንዳንዱ አሥር እጥፍ 2.4 ሜትር ነው። ሁለቱን መስመሮች ባራዝማቸው የሚገናኙት 200ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

በነዳጅ ጉድጓድ ሙከራ መጽሐፍ ውስጥ የመስመሩ ተዳፋት እጥፍ ከሆነ በአቅራቢያው ፈሳሽ የማያሳልፍ ፎልት (አለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ስንጥቅ) አለ የሚል አነበብኩ። አለቃዬም «ፎልት ተገኘ ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። የግፊት መስመር ብቻውን ይህን ያህል ይናገራል?

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት

ልጄ፣ እጅሽ አለመታዘዙ ደግ ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ፓምፑ ሲነሳ የግፊት ለውጡ፣ ማለትም የወለሉ ዝቅታ፣ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል። ወሰን እስኪደርስ ድረስ ጉድጓዱ ማለቂያ በሌለው አለት ውስጥ ያለ ያህል ነው የሚሠራው፤ ከ100 ሜትር ማዶ ግድግዳ ይኑር አይኑር አያውቅም። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ መስመርሽ የዚያ ዘመን ነው፤ ከእሱ የምታገኚው የአለቱን የማሳለፍ አቅም ብቻ ነው። ለውጡ የማያሳልፍ ግድግዳ ሲነካ ግን ከዚያ ወገን የሚመጣ ውኃ ይቀራል። በአንድ ገበታ ዙሪያ ግማሹ ጎን ቢከለል የቀረው ጎን ያንኑ ሰው ለማጥገብ ሁለት እጥፍ መሳብ እንዳለበት ነው ነገሩ። ተዳፋቱ እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሂሳብ ሰዎች ይህን የሚፈቱት በምስል ጉድጓድ ዘዴ ነው። ግድግዳውን እንደ መስታወት ቆጥረሽ ከማዶው በእኩል ርቀት፣ በእኩል መጠን የሚስብ ሌላ ጉድጓድ አለ ብለሽ ታስቢያለሽ፤ ከዚያም የሁለቱን ዝቅታ ትደምሪያለሽ። ዘዴው ከኤሌክትሪክ ሳይንስ የመጣ ነው። መነሻው ዝቅታን የሚያሰላው የቴይስ እ.ኤ.አ. የ1935 ቀመር ሲሆን እሱም ከሙቀት ፍሰት ሂሳብ የተወሰደ ነው። የውኃውም የነዳጁም ወገን ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ስለሆነ ጥያቄሽን ወደዚህ ማምጣትሽ ትክክል ነው።

ወደ ቁጥሮችሽ ልምጣ። 8 ሊትር በሰከንድ በቀን 691 ሜትር ኩብ ነው። ይህን በቀመሩ ቋሚ ቁጥር በ0.183 አባዝተሽ ለ1.2 ስታካፍዪው ትራንስሚሲቪቲው (የአለቱ የማሳለፍ አቅም) በቀን 105 ሜትር ካሬ ይሆናል። ወደ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለማግኘት ትራንስሚሲቪቲውን በመገናኛው ጊዜ ታባዢና በአለቱ የማከማቸት አቅም ታካፍያለሽ፤ የውጤቱን ካሬ ሥር በ0.75 ታባዣለሽ። 200 ደቂቃ 0.139 ቀን ነው። የማከማቸት አቅሙ 0.0005 ከሆነ ግድግዳው 128 ሜትር ላይ ይወድቃል።

«ከሆነ» ያልኩትን ልብ በይ። ያ ቁጥር 0.005 ቢሆን ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ይወርዳል፤ 0.00005 ቢሆን ከ400 ሜትር ያልፋል። የማከማቸት አቅም ከሚስበው ጉድጓድ አይገኝም፤ የመከታተያ ጉድጓድ የግድ ነው። 15 ሜትር ላይ አንድ ስላለሽ ከእሱ አውጪው እንጂ ከሠንጠረዥ አትውሰጂ።

ቆፋሪው

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ እኔ ከሪግ (ከመቆፈሪያ ማሽኑ) በኩል ልናገር። በእኛ አካባቢ ባዛልት ውኃው የሚመጣው ከአለቱ አካል ሳይሆን ከስንጥቁ፣ በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል ካለው የተበላሸ ድንጋይ ነው። ጉድጓዱ ዋናውን ውኃ የሚያገኘው ለምሳሌ 60 ሜትር ላይ ካለ አንድ ስንጥቅ ከሆነና ስትስቢ የውኃው ወለል ከዚያ ስንጥቅ በታች ከወረደ ዝቅታው በድንገት ይከፋል። በወረቀት ላይ ልክ ወሰን የተነካ ይመስላል። በወረቀት ላይ ፎልት ተብሎ የተጻፈ ብዙ ስንጥቅ አይቻለሁ።

መለያው ቀላል ነው። ስንጥቁ ከውኃ በላይ ቀርቶ ከሆነ ጉዳቱ የሚታየው በሚስበው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የመከታተያው ጉድጓድ በቀድሞ መስመሩ ይቀጥላል። የሩቅ ግድግዳ ከሆነ ግን ሁለቱም ይሰበራሉ። እህቴ፣ የመከታተያው ምን አደረገ?

ሁለተኛ፣ የሚወጣውን ውኃ ሌሊት ማን ለካው? ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨመርለት፣ ቫልቩ ሲነካ መጠኑ ይለወጣል። በየሰዓቱ ካልተለካ መስመሩ ስለ አለቱ ሳይሆን ስለ ጄኔሬተሩ ነው የሚያወራው።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

አመሰግናለሁ፣ ጋሼም አንተም። የመከታተያው ጉድጓድ ከዋናው ጋር አብሮ ነው የጎበጠው፤ ተዳፋቱም በሁለቱም እጥፍ ሆኗል። የሚወጣውን ውኃ ቆጣሪ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እየተፈራረቅን መዝግበናል፤ የሚታይ ለውጥ የለውም። የማከማቸት አቅሙን ከመከታተያው መስመር አወጣሁት፤ ወደ 0.0005 ይጠጋል።

የሚቆጨኝ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። የውኃውን መመለስ የለካነው ለ6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ዕቃ ጭነው መሄድ ነበረባቸው። መጽሐፉ ግን ከሁሉ በላይ የሚያምነው ይህን የማገገም ክፍል ነው። ለምን?

ከባሕረ ሰላጤ

ሰላም እህቴ። በነዳጅ መስክ ጉድጓድ ሙከራ ላይ እሠራለሁ፤ ለዚህኛው እኔ ልመልስ።

ነዳጅ በሚፈስበት ጊዜ መጠኑን ፍጹም እኩል አድርጎ ማቆየት ከባድ ነው፤ ትንሹ መዋዠቅ ግፊቱን ያናውጠዋል። ጉድጓዱ ሲዘጋ ግን መጠኑ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ አይዋዥቅም። ስለዚህ ከእ.ኤ.አ. 1951 የሆርነር ሥራ ጀምሮ የማገገሙ ግፊት የሙከራው ልብ ሆኖ ቆይቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. ቡርዴና ባልደረቦቹ የግፊቱን ዴሪቬቲቭ በሎግ ሎግ ወረቀት (ሁለቱም ሚዛን ሎጋሪዝም በሆነበት) ላይ የመሳልን ዘዴ ካስተዋወቁ ወዲህ ደግሞ ወሰኖችን በዓይን መለየት ተቻለ። ዴሪቬቲቭ ማለት እዚህ ላይ ግፊቱ ከጊዜው ሎጋሪዝም አንጻር የሚለወጥበት ፍጥነት ነው፤ የአንቺን 1.2 እና 2.4 በእያንዳንዱ ቅጽበት እንደማስላት ነው።

ወሰን ያልነካ ጉድጓድ ዴሪቬቲቩ አግዳሚ ሜዳ ይሠራል። አንድ ቀጥ ያለ የማያሳልፍ ፎልት ሲኖር ከዚያ ሜዳ ተነስቶ በእጥፍ ከፍታ ላይ ሌላ ሜዳ ይሠራል። ሁለት ፎልቶች በማዕዘን ተገናኝተው ጉድጓዱ በመካከላቸው ካለ እጥፉ 360ን በማዕዘኑ ዲግሪ አካፍሎ የሚገኘው ነው፤ በ90 ዲግሪ አራት እጥፍ፣ በ60 ዲግሪ ስድስት እጥፍ። ሁለት ትይዩ ፎልቶች፣ ወይም የጥንት ወንዝ ያስቀመጠው ጠባብ የአሸዋ ቦይ ከሆነ ሁለተኛ ሜዳ የለም፤ ዴሪቬቲቩ በግማሽ ተዳፋት ሽቅብ ይቀጥላል፤ ማለትም ጊዜው መቶ እጥፍ ሲሆን እሱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ከጎን ግፊቱን የሚጠብቅ ትልቅ የውኃ ክምችት ወይም የጋዝ ቆብ ካለ ደግሞ ዴሪቬቲቩ ይወድቃል። የእናንተ የአዌቱ ወንዝ ከጉድጓዱ ጋር በደንብ ቢገናኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዝቅታው ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሁሉም ጎን የተዘጋ ክምችት ሲፈስ ግፊቱ በተራ ወረቀት ላይ ቀጥ ባለ መስመር፣ በእኩል ፍጥነት ይወርዳል፤ በሎግ ሎግ ላይ ዴሪቬቲቩ በሙሉ ተዳፋት ይወጣል፤ ማለትም ጊዜው አሥር እጥፍ ሲሆን እሱም አሥር እጥፍ ይሆናል። ጉድጓዱ ሲዘጋ ግን የክምችቱ ግፊት እኩል ይሆንና ዴሪቬቲቩ ይወድቃል። ግፊትን የሚጠብቅ ወሰንም በማገገም ጊዜ ዴሪቬቲቩን ይጥለዋል። አንደኛው ትርጉም «ክምችቱ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» ሲሆን ሌላው «ግፊቱ አይሞትም» ነው፤ ሁለቱ ተቃራኒ ዜናዎች በማገገም መስመር ላይ አንድ መልክ አላቸው። የሚለያቸው የፍሰቱ ክፍልና ከሙከራው በፊትና በኋላ ያለው የክምችቱ ግፊት ነው። ጉድጓዱ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘግቶ ግፊቱ ከመጀመሪያው መዝጊያ ዝቅ ብሎ ከቆመ ክምችቱ የተዘጋና ትንሽ ነው።

የተዘጋው ክምችት አንድ ደግነት አለው፤ መጠኑን ይናገራል። በቀን 500 በርሜል፣ በክምችቱ ሁኔታ የተለካ፣ እየፈሰሰ ግፊቱ በሰዓት 0.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚወርድ ከሆነና አጠቃላይ የመጨመቅ መጠኑ በአንድ ፒኤስአይ ከመቶ ሺህ አንድ ከሆነ በአለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አጠቃላይ የፈሳሽ መጠን 4.2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነው። ስንት ጉድጓድ መቆፈር እንዳለበት የሚወስን ቁጥር ከአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል።

ለአንቺ ጥያቄ ደግሞ፣ 6 ሰዓቱን አትናቂው። ያለሽን በወረቀት ላይ ሳዪው፤ ፓምፑ ከተነሳ ወዲህ ያለውን ጊዜ ከጠፋ ወዲህ ላለው ጊዜ አካፍለሽ የቀረውን ዝቅታ በዚያ ላይ ሳዪና የመጀመሪያውን መስመር እስከ 1 አራዝሚው። ስንት ሜትር ላይ ይመታል?

ሊሙ

ይቅርታ፣ እኔ ግን ነገሩ የተጋነነ ይመስለኛል። በጨረታ ሰነድ ላይ የሚጻፈው ሙከራ 24 ሰዓት ነው፤ ባለ ገንዘቡም የሚፈልገው ጉድጓዱ ስንት ሊትር ይሰጣል የሚለውን ብቻ ነው። መስመሩ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከጎበጠ ለምን 48 ሰዓት ነዳጅ ይቃጠላል? ከ24 ሰዓት በኋላ የሚታወቀው ነገር ዋጋውን አያወጣም።

ከባሕረ ሰላጤ

ወንድሜ ሊሙ፣ የገንዘቡን ነገር እረዳለሁ፤ ነገር ግን ጉብጠቱ የሚታይበትና እጥፉ የሚረጋገጥበት ጊዜ ይለያያሉ። በእህታችን ቁጥሮች ሳሰላው በ3ኛው ሰዓት ላይ የመስመሩ ተዳፋት ከመጀመሪያው 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። በ6ኛው 1.7፣ በ24ኛው 1.9 ገደማ ይሆናል። 48ኛው ላይ ነው ወደ 2 የሚጠጋው። በ6 ሰዓት ያቆመ ሰው 1.7ን አይቶ ፎልት ነው ወይስ የማሳለፍ አቅሙ በመጠኑ ያነሰ አለት ነው ብሎ ይከራከራል፤ መልስ አያገኝም።

ከማዶ ያለው አለት ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሳይሆን የማሳለፍ አቅሙ ከዚህኛው አንድ አሥረኛ ቢሆን የመጨረሻው እጥፍ 1.82 ነው። በ1.82 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት «ከዚያ ወገን ጥቂት ይመጣል» እና «ምንም አይመጣም» የሚለው ነው። ለአንድ ጉድጓድ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለከተማ ውኃ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚታቀድ ከሆነ ግን ትንሽ አይደለም።

ርቀትም በጊዜ ካሬ ሥር ነው የሚሄደው። ሁለት እጥፍ ርቆ ያለ ወሰን ለማየት አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። በ24 ሰዓት የሚቆም ሙከራ ከዚያ በላይ ያለውን ግድግዳ የለም አላለም፤ አላየውም። ጉድጓዱ ሥራ ጀምሮ በስድስተኛው ወር ፓምፑ አየር ሲስብ ግን ያ ግድግዳ ራሱ ይመጣና ሰፈሩ በጀሪካን ይሰለፋል።

ቡና አብቃይ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሰቃ አካባቢ ነው ያለሁት። ስለ ነዳጅ ስታወሩ ጊዜ ደልቢና ሞዬ ያለው የድንጋይ ከሰልና ዘይት አዘል ድንጋይ ትዝ አለኝ። እዚያም ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲህ ግፊት ሊለካ ይችላል?

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የደልቢ ሞዬው በላቫ ንጣፎች መካከል በጥንት ሐይቅ ውስጥ የተቀመጠ ደለል ነው። ዘይት አዘል ድንጋዩ ውስጥ ያለው ገና ነዳጅ ያልሆነ ጠጣር ኦርጋኒክ ቁስ ነው፤ ድንጋዩ ካልጋለ ዘይት አይወጣውም። ወደ ጉድጓድ የሚፈስ ፈሳሽ ስለሌለ ለዘይት የግፊት ሙከራ አይደረግበትም፤ የሚወጣው እንደ ማዕድን በቁፋሮ ነው። ይህ የምንወያይበት ሙከራ የሚሠራው እንደ ኦጋዴን ባለ ቦታ ነው፤ ካሉብ ላይ በ1973 እ.ኤ.አ. ጋዝ የተገኘው ቀዳዳ ባለው አለት ውስጥ ነው። እዚያ ጉድጓድ ከፍቶ ዘግቶ ግፊት መከታተል ይቻላል።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

እንደተባልኩት አደረግኩ። የማገገሙ የመጀመሪያ መስመር ተዳፋቱ 1.2 ሜትር ነው፤ ልክ እንደ ሲሳብ። ወደ 1 ሳራዝመው የሚመታው ዜሮ ላይ ሳይሆን 1.4 ሜትር ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ፤ በሁለት ቀን ስበት ክምችቱን 1.4 ሜትር አጉድለነው ይሆን አልኩ። ነገር ግን ልኬቱ ሊያቆም ሲቃረብ ነጥቦቹ ከመስመሩ በታች መውረድ ጀምረዋል።

ከባሕረ ሰላጤ

እህቴ፣ አትደንግጪ፤ ይህ የምጠብቀው ቁጥር ነው። 2880 ደቂቃን ለ200 ስታካፍዪ 14.4 ነው፤ የእሱ ሎጋሪዝም 1.16 ሲሆን በ1.2 ሲባዛ 1.39 ሜትር ይሆናል። ያ የምስሉ ጉድጓድ በ48 ሰዓት ውስጥ የጨመረው ዝቅታ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ የቅርቡ ውጤት ወዲያው መመለስ ይጀምራል፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር የጎደለ ክምችት ያለ ያስመስላል። መለካቱ ቢቀጥል ነጥቦቹ በ2.4 ተዳፋት ወርደው 1 ላይ ዜሮን ይመቱ ነበር፤ መጉበጥ የጀመሩትም ለዚህ ነው።

በነዳጅ ላይ ይህ ስህተት ውድ ነው። የመጀመሪያውን መስመር አራዝሞ የክምችቱን ግፊት ያነበበ ሰው ከእውነተኛው ያነሰ ያገኛል፤ ገና ያልተነካውን ክምችት ያለቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ትክክለኛው ንባብ የሁለተኛው መስመር ነው።

አሁን ሦስት ነገር ተስማምቶልሻል፦ ሁለቱም ጉድጓዶች አብረው ጎበጡ፤ የስበቱ መስመር እጥፍ ሆነ፤ ማገገሙ በራሱ መንገድ ያንኑ 200ኛ ደቂቃ መሰከረ። ስንጥቅ ከውኃ በላይ ቢቀር ኖሮ 1.39 በአጋጣሚ አይመጣም ነበር።

ቆፋሪው

እኔም በዚህ ተረትቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ስንጥቅ አይደለም። ግን «ፎልት» የሚለው ቃል አሁንም አይዋጥልኝም።

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት

ቆፋሪው ልክ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ልጄ ይህን አጥብቀሽ ያዢ። ሙከራው የነገረሽ በአንድ ወገን፣ በ128 ሜትር ገደማ፣ ውኃ የማያሳልፍ ወይም ከዚህኛው አለት አንድ አሥረኛ በጣም ያነሰ የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ ወሰን እንዳለ ነው። ወሰኑ ፎልት ሊሆን ይችላል፤ ባዛልቱን ሰንጥቆ የወጣ ዳይክ (በስንጥቅ ውስጥ የረጋ የቅልጥ አለት ግድግዳ) ሊሆን ይችላል፤ በጅማ ቮልካኒክስ (በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አለቶች) ውስጥ ደግሞ ባዛልቱ ከሌሎቹ አለቶች፣ ከሪዮላይቱና ከትራካይቱ፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ግፊት እነዚህን አይለያቸውም። ስለዚህ «የማያሳልፍ ወሰን» ብለሽ ጻፊ፤ ምንነቱ በመስክ ካርታ ሥራ የሚጣራ ነው ብለሽ ጨምሪበት። አለቃሽ ፎልት ካለ የጂኦሎጂ ማስረጃውን ያምጣ።

አቅጣጫውንም አትገምቺ። ከአንድ ጉድጓድ የምታገኚው ርቀት ብቻ ስለሆነ ወሰኑ በጉድጓዱ ዙሪያ በየትኛውም ወገን ሊሆን ይችላል። የመከታተያው ጉድጓድ ወደ ምስሉ ጉድጓድ ያለውን ርቀት ለብቻው ይሰጣል፤ ወደ 256 ሜትር ይመጣል። 15 ሜትር ብቻ ስለራቀ ግን ከሁለቱ ጉድጓዶች በየርቀታቸው የሚሳሉት ሁለት ክቦች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ አቅጣጫ ለመለየት አይበቁም። ከ60 እስከ 100 ሜትር ርቀው፣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ መስመር ላይ ሳይሆኑ፣ ሌሎች ሁለት የመከታተያ ጉድጓዶች ቢኖሩ ሦስቱ ክቦች የሚገናኙበት ነጥብ የምስሉ ጉድጓድ ቦታ ነው፤ ወሰኑ ከእሱና ከጉድጓድሽ መካከል እኩል ያልፋል። አዲስ መቆፈር ካልተቻለ በአካባቢው ያሉ የእጅ ጉድጓዶችን ባለቤቶች ለምኚ፤ ያንኑ ውኃ የሚነኩ ከሆነ ሜትሩን አውርዶ መለካት ወጪ የለውም።

ሁለተኛውን የምርት ጉድጓድ የት እንቆፍር የሚለው ከመወሰኑ በፊት ይህ መታወቅ አለበት። ወደ ወሰኑ አስጠግተሽ ከቆፈርሽ ሁለቱ ጉድጓዶች በዚያው ግማሽ አለት ላይ ይሻማሉ።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

ገባኝ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት የእጅ ጉድጓዶች አሉ፤ አንደኛው የመስጊድ ነው፣ ሌላው የአንድ እናት ግቢ ውስጥ። ነገ ጠዋት ሄጄ ጥልቀታቸውንና የውኃውን ወለል እለካለሁ፤ ፓምፑ ለሁለተኛ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት የመነሻ ንባብ እንዲኖረኝ። ማገገሙን በዚህኛው ዙር ቢያንስ ስበቱ የፈጀውን ያህል ለመለካት ከአሁኑ ደብዳቤ አስገባለሁ። ውጤቱን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ሊሙ

የደብዳቤውን ቅጂ ብትለጥፊልን እኔም ለምሠራበት ቦታ እጠቀምበታለሁ። የ1.5፣ የ1.7 እና የ1.9ን ሠንጠረዥ አብሬ ላያይዘው ነው፤ ለባለ ገንዘብ ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚገባው እሱ ይመስለኛል።